ቴፕ የበላው ስንኝ

ጉታ ስቱዲዮ ብሎ የሚጠራው ክፍል ሽሮ ሜዳ፣ ከሸማኔዎች መደዳ ጀርባ ነው። ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶንና በአሮጌ ብርድ ልብስ ለብጦታል፤ ግን አሥራ አራት ሸማኔ አጠገቡ እየሠራ ካርቶን ምን ያደርጋል? ድምፁ በመሬት ውስጥ ለውስጥ ይመጣና ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ስለዚህ ሊድያና ጉታ ዘፈን የሚቀዱት ሸማኔዎቹ በማይሠሩባቸው የበዓል ቀናት ብቻ ነበር፤ በሚካኤል፣ በገብርኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔ ዓለም። በዚያም ቀን ቢሆን ዝናብ ከመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮህ ማቆም ነው።

ሊድያ ይህን ነገር ከመጀመሪያውም አልወደደችውም። የቀጨኔ ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ እሷ አንገቷን ደፍታ ወደ ታክሲ ትወርዳለች።

«በማርያም ቀን ዘፈን? ኧረ ይሄ ነገር ጥሩ አይደለም ጉታ።»

«ታዲያ ምን ላርግ? ሂጂና ጋሽ ግዛቸውን ‹እኔ ልዘፍን ነውና ሥራዎን ያቁሙ› በያቸው። በሸማ ጠቅልለው ነው የሚሸኙሽ!»

ጋሽ ግዛቸው የሸማኔዎቹ አለቃ ናቸው። ጉታ ለቀልድ ነበር ያለው፤ ሊድያ ግን በሸማ መጠቅለል ሲባል የሰማችው የሬሳ መገነዝን ነው። ፊቷ ተለወጠ።

«ክፉ አታውራ! ሁለተኛ እንዲህ አትበል!»

«እሺ በቃ፣ አፌን ቁርጥ ያድርገው» አለ ጉታ። የሱሉልታ ልጅ ነው፤ ሳቂታ፣ ልበ ሰፊ። የሷን ፍርሃት ያውቀዋል፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን አያውቅም።

ሊድያ ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ለአሥራ ሁለት ዓመት በሠርግ ቤትና አዲሱ ገበያ ባለ አንድ ምግብ ቤት ዘፍናለች። ድምፅስ ብዙ ሰው አለው፤ የሷ ሀብት ግጥሙ ነበር። ልብስ እያጠበች፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ ስንኝ እንደ ውሃ ይወርድላት ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን አንድ መስመር አልጻፈችም። ጉታ ይህን አይቶ ነው ባለፈው ክረምት ማለቂያ ላይ «ያንቺ ካልመጣ የሰው እንዝፈን» ያላት። ሮሐ የምትባል የጉለሌ ዘፋኝ ነበረች፤ ከሞተች ብዙ ጊዜዋ ነው፤ የቀሯት ሁለት ካሴቶች ናቸው። ልጆቿ ፈቀዱ። አሥር ዘፈን ተመረጠ፤ አልበሙ ለእንቁጣጣሽ እንዲወጣ ተባለ። ነሐሴ አንድ ፍልሰታ ይገባል፤ ሊድያ በጾም አትዘፍንም። ስለዚህ ሁሉም ነገር በሐምሌ ማለቅ ነበረበት።

ስምንቱ ዘፈን ያለ ችግር ተቀዳ። የሰው ቃል ስለሆነ ሊድያን አላስፈራትም። ይህ ቃል ስንት ዓመት ተዘፍኗል፤ የሚያመጣው ነገር ካለ አምጥቶ ጨርሷል ትላለች በልቧ። ደጋግሞ በተረገጠ መንገድ ላይ እንደሚሄድ ሰው እግሯን ሳታይ ትራመድ ጀመር።

ሐምሌ ገብርኤል ዕለት ግን ዘጠነኛው ዘፈን ላይ ደረሱ። ቀድማ የምታውቀው እስከ ሁለተኛው ቤት ነበር፤ አብረው እስከ መጨረሻው ሊሰሙት ተቀመጡ። ዘፈኑ እንዲህ ይጀምራል፦

*በሩን አልዘጋሁም፣ ማጠፊያው ላልቶ፤*
*ነፋስ ያንኳኳዋል፣ ያንተን እጅ ተክቶ።*

ሁለተኛው ቤት አለፈ። ሦስተኛው ሲጀምር የሮሐ ድምፅ ወፈረ፣ ተጎተተ፣ እንደሚሰምጥ ሰው ወደ ታች ወረደና ጠፋ። ትንሽ ከተንኮሻኮሸ በኋላ የመጨረሻው አዝማች ብቻ ብቅ አለ። ጉታ ካሴቱን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ።

«ቴፕ በልቶታል። አንዱ ጎበዝ የተበላውን ቆርጦ ጥሎ በኩቴክስ ቀጥሎታል። ቀይ ኩቴክስ! እይው።»

«ሌላ ቅጂ ይፈለጋ።»

«ፈልጌ ፈልጌ ነው ዝም ያልኩሽ። ልጆቿ ጋ ያለው ይሄው ነው። መርካቶም የለም። እ... ማለቴ፣ አንቺ ጻፊው።»

«እኔ አልጽፍም። ተነጋግረናል።»

«አራት መስመር እኮ ነው! መጽሐፍ ጻፊ አልተባልሽ።»

«እንዝለለዋ።»

«ክራሩ ሦስት ጊዜ ነው የሚመለሰው፤ ምኑን ሊመልስ ነው? በአፉ ውስጥ ጥርስ እንደወለቀበት ሰው ይሆናል።»

«እንግዲያው አንተ ጻፈው።»

ጉታ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «*በሩን አልዘጋሁም፣ ሌባ ገብቶ ወጣ፤ ድስቱን ይዞ ሄደ፣ ለክዳኑ መጣ።*»

ሊድያ ሳቀች። ሳቋ ግን ከጉሮሮዋ በታች አልወረደም። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ያን የሚያስፈራትን ነገር ለማንም ተናግራው አታውቅም። ታናሽ ወንድሟ ያዕቆብ ኢሱዙ ይነዳ ነበር፤ ከእንጦጦ ማዶ ባሕር ዛፍ ጭኖ ወደ ከተማ ያወርዳል። አንድ ቅዳሜ እሷ ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠበች፣ እሱ ደጃፍ ላይ ምሳውን እየበላ፣ አዲስ የፍቅር ዘፈን ታንጎራጉር ነበር፦

*ዳገቱ አያዘግይህ፣ በቁልቁለት ና፤*
*ሳትይዝ ሳትረግጥ፣ ልብህን ልቀቅና።*

ያዕቆብ ጉርሻውን እንደያዘ ሳቀ። «ኧረ ሊዲዬ! ለሾፌር ‹ሳትረግጥ ና› ይባላል? ፍሬን አስጥለሽ ልትገድይኝ ነው እንዴ?»

እሷም አረፋ በያዘው እጇ ውሃ ረጨችው። በስድስተኛው ቀን፣ ጭጋግ በወረደበት ጠዋት፣ ኢሱዙው ከነእንጨቱ ሲወርድ ፍሬን አልያዘለትም።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሊድያ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ሳለ፣ ጎረቤታቸው አበራሽ ከኋላዋ ለአንዲት ሴት ስታወራ ሰማች። «ልጅቷ በአፏ ጠራችው። ሰፈሩ በሙሉ የሰማው ነገር ነው።» ሌላዋ «ዝም በይ፣ እናትየው ይሰማሉ» አለቻት። ሊድያ ዞራ አላየችም። ማታውኑ ደብተሯን ምድጃ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ወደ አፏ በመጣ ቁጥር የሰው ፊት ተከትሎት ይመጣል። «ፀሐይ ወጣች» ብላ ብትጀምር እንኳ፣ ለማን አትወጣ ይሆን ብላ ትደነግጣለች። አሁን ደግሞ የቀራት ሰው አንድ ነው፤ እናቷ። እማማ ወለተማርያም ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ልባቸው ደክሟል፤ ሐኪሙ ብርድና ድንጋጤ አይሆንላቸውም ብሏል። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ሲተነፍሱ እንደ አሮጌ በር ሲጥ የሚል ድምፅ ይሰማል። ሊድያ ያን ድምፅ ስትሰማ ትፈራለች፤ ሳትሰማው ሲቀር ደግሞ ይብስባታል፤ ተነስታ ብርድ ልብሳቸው ከፍ ዝቅ ማለቱን ታያለች።

ሐምሌ ማርያም ዕለት ባዶ እጇን ስቱዲዮ ገባች።

«ካልመጣልሽ በዜማ ብቻ እንሙላው» አላት ጉታ። «እም... እም... እያልሽ።»

ይህ ደህና መሰላት። ቃል የሌለው ነገር ማንን ይጠራል? ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ክራሩ ሲመለስ ማንጎራጎር ጀመረች። ሁለት ሦስት ጊዜ እንደተነፈሰች ግን ዜማው ከእጇ አመለጠ። የሮሐ ዜማ መሆኑ ቀርቶ የዚያ ቅዳሜ ዜማ ሆነ፤ «ሳትይዝ ሳትረግጥ» የሚለው። ማዳመጫውን መንጭቃ ጣለችው።

«ምን ሆንሽ? ያምር ነበር እኮ!»

«አጥፋው። ጉታ በእናትህ፣ አጥፋው። አንዳች እንዳይቀር።»

ጉታ ፊቷን አይቶ አጠፋው። «ስሚኝ ሊድያ» አለ ቆይቶ፤ ቀልዱ ጠፍቶበታል። «ለዚህ ዘፈን መድኃኔ ዓለም የመጨረሻችን ነው። በባለ ወልድ አሥረኛውን እንቀዳለን። ይሄ ዘፈን ካልሞላ አልበሙ ይቅር። ዘጠኝ ዘፈን ይዤ አልወጣም፤ ለሮሐ ልጆች አሥር ብያለሁ።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ አልበሙ ቢቀር ይሻላል አለች። ታክሲ ውስጥ ግን ያ ቤት፣ ያ ማጠፊያው የላላ በር፣ ከዓይኗ አልጠፋ አለ። ከታክሲ ከመውረዷ በፊት ሁለት መስመር ራሱን ገጥሞ መጣባት። ብታባርረው አልሄድ አለ። ቤት ደርሳ ጓዳ ገብታ አንድ ደብተር ላይ ጻፈችውና ወዲያው ሰረዘችው፤ ከጻፍኩት በኋላ ከሰረዝኩት እንዳልተባለ ይቆጠራል ብላ። ደብተሩንም ከፍራሹ ሥር ሸጎጠችው።

ከሦስት ቀን በኋላ ከሰዓት በኋላ፣ የእናቷን መድኃኒት ገዝታ በዝናብ ስትመለስ፣ ደጅ ላይ ሆና የእናቷን ድምፅ ሰማች። እማማ ወለተማርያም ፊደል የቆጠሩት በስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ለአዋቂዎች በሚሰጥ ትምህርት። ከዚያ ወዲህ ያገኙትን ሁሉ ያነባሉ፤ የመድኃኒት ካርቶን፣ በርበሬ የተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ የታክሲ ላይ ጥቅስ። ሁልጊዜ ድምፅ አውጥተው፣ ፊደሉን በጣታቸው እየነኩ።

«በ... ሩ... ን፣ በሩን። ለ... ነፋ... ሱ...»

ሊድያ መድኃኒቱን ጥላ ገባች። «እማዬ ተይው! አታንብቢው!»

እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ቀና አሉ። ደብተሩ ጉልበታቸው ላይ ነው። «ፍራሹን ላናፍስ ብዬ አገኘሁት። ምነው፣ የመንግሥት ምሥጢር ነው?»

«የተሰረዘ ነው።»

«መሰረዙንማ አያለሁ። ለምን ሰረዝሽው ነው የምልሽ።»

እናቷ ደብተሩን ዘጉት።

«ይህን ብጽፍ ማን ይሞታል ብለሽ ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

ሊድያ መሬት ላይ ተቀመጠች። «አበራሽ ያለችውን... ሰምተሽ ነበር?»

«ጆሮዬ ደኅና ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ አንድ ቀን እንኳ... ‹አይደለም› አላልሽኝም እኮ እማዬ። አንቺም የምታምኚው መሰለኝ። ዝፈኚ ብለሽኝም አታውቂም።»

እማማ ወለተማርያም መነጽራቸውን አወለቁ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ በረታ። «ልጄ፣ እኔ በዚህ ሰፈር ሙሾ ሳወርድ አርባ ዓመቴ ነው። ለቅሶ ያላወጣሁለት ማን አለ? የማላውቀውን ሰው እንኳ ሙያውን ጠይቄ ስንኝ እሰጠው ነበር። የልጄ ቀን ግን አፌ ተያዘ። ድንኳኑ ሞልቶ፣ ሴቶቹ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ አንድ ቃል አጣሁ። ባዶ እጁን ሸኘሁት። ያን ቀን ስንኝ ያወጣሁ እንደሆነ ሞተ ማለት ነው ብዬ... እ... ፈራሁ። አንቺን ዝፈኚ የምልበት አፍ ከየት አመጣለሁ?»

«ቃሉ መጥቶልሽ ነበር?»

«አርባው ቀን ላይ መጣ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ተቀምጧል።» ጉሮሯቸውን ነኩ። ትንፋሻቸው ሲጥ አለ። ሊድያ አይሆንም፣ ይደክምሻል፣ ተይው ልትል ተነሳች፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው በዜማ ሳይሆን በንግግር አወጡት፦

*እንጨት አመላልሶ፣ ስንቱን ቤት አሞቀ፤*
*የእናቱን ምድጃ፣ ሳይለኩሰው ራቀ።*

ሁለቱም አላለቀሱም። ሊድያ የእናቷን ደረት ነበር የምታየው፤ ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ።

«አየሽ፣ አወጣሁት» አሉ። «ቃል ሰው የሚገድል ከሆነ እኔ የሰፈሩ ገዳይ ነኛ። ይገድል አይገድል ግን እኔም አላውቅም ልጄ፣ አልዋሽሽም። ብቻ ለያዕቆብ ይሄ ቃል ይገባዋል። ውሰጂው። ያንቺንም የተሰረዘውን ጨምሪበት።»

መድኃኔ ዓለም ደረሰ። እናቷ ብርዱን ፈርተው ቤት ቀሩ። ሊድያ ወጥታ ከግቢው በር ሁለት ጊዜ ተመለሰች፤ አንዴ ጃንጥላ ረሳሁ ብላ፣ አንዴ ያለ ምንም ምክንያት። ስልኳን ስቱዲዮ በር ላይ ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ አደረገችው። ከመደዳው ምንም ድምፅ የለም። የሸማኔዎቹ ዝምታ ከምታቸው ይልቅ አስፈራት።

ክራሩ ሦስተኛ ጊዜ ተመለሰ። የእናቷን ስንኝ ዘፈነች። ከዚያ የራሷን፣ ያን የተሰረዘውን፦

*በሩን ለነፋሱ፣ ክፍት እተዋለሁ፤*
*የቀዘቀዘ ቤት፣ ምን ይፈራል ብያለሁ።*

ጉታ ከመስታወቱ ማዶ ቆሟል። እጁ አፉ ላይ ነበር። «ልድገመው?» አለችው። ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ አይደገምም።»

ስልኳን ከፈተች። ያመለጡ ጥሪዎች መልእክት ገባ፤ ሰባት ጊዜ ከቤት ተደውሎ ነበር።

ጉታ «መልሰሽ ደውያ!» አላት። አልቻለችም። ጣቷ ቁልፉ ላይ ይሄድና ይመለሳል። የሚያነሳው ሌላ ሰው ቢሆንስ? የሰው ድምፅ ቢሆንስ፣ ረጋ ያለ፣ «እስቲ መጀመሪያ ነይ» የሚል? መድኃኔ ዓለም ሆይ፣ በቀንህ ነው የዘፈንኩት፣ እኔን አርገኝ አለች። ሮጣ ታክሲ ያዘች። ታክሲው ሰው እስኪሞላ ቆመ፤ ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ የቀረው!» እያለ ጮኸ። አንድ የቀረው። ጆሮዋን ያዘች።

ቀጨኔ ስትወርድ ካፊያ ጀምሯል። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው መንገዱን ሞልቶታል፤ ሁሉም ነጭ በነጭ። ሊድያ ፊታቸውን አላየችም፤ የምታየው ነጠላቸውን ነበር። ሰው የሞተበት ነጠላውን ይዘቀዝቃል፤ ጥለቱ ወደ ላይ ይሆናል። የአንዷን አየች፤ ጥለቱ ወደ ታች። የሌላይቱን አየች፤ ወደ ታች። አቀበቱ ላይ ጭቃው ሁለት ጊዜ ጣላት። ጥጉን ስትዞር የቤታቸው ደጃፍ ላይ ሦስት ሴቶች ተሰብስበው ቆመዋል። አንዷ አበራሽ ናት። ነጠላዋ ራሷ ላይ ተከናንባ ጥለቱ አይታይም።

«ምንድን ነው?» አለች ሊድያ።

አበራሽ ዞረች። «ውይ መጣሽ? ካፊያው ይለፍልን ብለን ነው እኮ፣ ጣራችሁ ሥር...»

ሊድያ ቀሪውን አልሰማችም። ገፍታቸው ገባች። እማማ ወለተማርያም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። መነጽራቸውን አድርገዋል፤ ባንድ እጃቸው ስልክ፣ ባንድ እጃቸው ደብተሩን ይዘዋል።

«ምን ሆነሻል? ሰባቴ ደወልኩ!» አሉ ተቆጥተው።

ሊድያ ወለሉ ላይ ወድቃ እግራቸውን ያዘች። ይሞቃል። «ምን ሆነሽ ነው እማዬ? አመመሽ?»

«እኔ ምን እሆናለሁ፤ ያንቺ ስንኝ ነው እንጂ የታመመው! ‹ምን ይፈራል ብያለሁ› ብለሽ ዘፈንሽው?»

«አዎ...»

«ውሸት ነዋ! ጭቃሽን እይው፣ ጉልበትሽን እይው። ይሄ ነው አለመፍራት? ለቅሶ ላይ እንዲህ ያለ ብናገር ሴቶቹ አይቀበሉኝም ነበር። አልፈራም ለሚል ሰው ማን ያለቅስለታል? እኔ አስተካክዬዋለሁ፣ ስሚ።» ደብተሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበሉ። በጠማማ ትልልቅ ፊደላቸው የጻፉትን በጣታቸው እየነኩ አነበቡ፦

*በሩን ለነፋሱ፣ እየፈራሁ ተውኩት፤*
*የመጣው ይግባበት፣ ብዬ አልቀረቀርኩት።*

ሊድያ ትሳቅ ታልቅስ አላወቀችም፤ ከጉሮሮዋ በታች ካለ ቦታ የሆነ ነገር ወጣ። «ተቀድቷል እኮ እማዬ። አልቋል። ጉታ ይገድለኛል።» ቃሉ ካመለጣት በኋላ አፏን ያዘች። እናቷ ግን አላስተዋሉም፤ ወይም እንዳላስተዋሉ ሆኑ።

«ሸማኔዎቹ የማይሠሩት መቼ ነው?»

«ከነገ ወዲያ። ባለ ወልድ ነው። ግን የመጨረሻው ዘፈን...»

«ሁለቱንም ትዘፍኛለሽ፤ ጉሮሮሽ አላረጀ። አሁን ለእኔ ዝፈኝልኝ፣ ልስማው።»

«አሁን? እዚህ?» ሊድያ ወደ በሩ አየች። ገፍታው ስትገባ ወለል ብሎ ተከፍቶ ቀርቷል። ከጣራው ጠፈጠፍ ሥር አበራሽ ስለ ድንች ዋጋ ስታወራ ይሰማል። ሊድያ ተነስታ ሄደችና መቀርቀሪያውን ያዘች። እዚያው ቆመች።

ከዚያ እንደተከፈተ ተወችውና ተመለሰች። ከእናቷ እግር ሥር ተቀመጠች፣ እየፈራች፣ ዓይኗን የእናቷ ደረት ላይ አድርጋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመረች። እንጨት አመላልሶ...

ደጅ የነበረው የድንች ወሬ ቆመ። እማማ ወለተማርያም ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው አልጋው ላይ ምቱን ይቆጥሩላት ነበር።